«ዲፕ ስፔስ ናይን» የሚባለውን የስታር ትሬክ ተከታታይ ፊልም ለጨረሰችው እህታችን፦ ሽፋኑ ላይ ባለው ቁጥር አትመሪ

እህቴ፣ ግሩፑ ላይ የጻፍሽውን ጥያቄ ትናንት ማታ አይቼ ዝም ብዬ ማለፍ አልቻልኩም። ያልሽው ይህን ነው፦ «ዲፕ ስፔስ ናይንን ሰባቱንም ሲዝን ጨረስኩ። ከመጨረሻው ክፍል በኋላ ታሪኩን የሚቀጥሉ ልቦለዶች አሉ ሲባል ሰማሁ። ወንድሜ ለገና ከቨርጂኒያ ይመጣል፣ ከቁጥር 1 ጀምሮ ላስገዛው?» ከታች ሦስት ሰዎች «አዎ፣ በቅደም ተከተል አንብቢ» ብለውሻል። እባክሽ እንዳትሰሚያቸው። እኔ ልክ እንዲሁ አድርጌ ሁለት ዓመትም፣ ገንዘቤንም አባክኛለሁ።

አንደኛ። ቁጥር የተጻፈባቸው መጻሕፍት ቅደም ተከተል የላቸውም። ቅደም ተከተል ያላቸው ደግሞ ያ ቁጥር የለባቸውም። ይህቺን ሁለት ጊዜ አንብቢያት፤ እኔን ማንም አልነገረኝም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ተከታታይ ፊልሙ እ.ኤ.አ. ከ1993 እስከ 1999 ሲታይ ፖኬት ቡክስ የሚባለው አሳታሚ ጎን ለጎን ልቦለዶቹን ያወጣ ነበር። ሽፋኑ ላይ ያለው ቁጥር የታተሙበት ተራ ነው እንጂ የታሪኩ ተራ አይደለም። ቁጥር 1 የመጀመሪያው ክፍል በመጽሐፍ መልክ ተጽፎ ነው፣ አይተሽዋል። ከዚያ በኋላ ያሉትም ፊልሙ ገና በቴሌቪዥን እየሄደ የተጻፉ ስለሆኑ ጸሐፊዎቹ እጃቸው ታስሮ ነበር። ማንንም መግደል አይችሉም። ማንንም መዳር አይችሉም። ማንንም ሹመት መስጠት አይችሉም። በሚቀጥለው ሳምንት ፊልሙ ምን እንደሚያመጣ ስለማይታወቅ፣ መጽሐፉ ሲያልቅ ሁሉም ነገር ወደነበረበት መመለስ አለበት። ቁጥር 5ን እንይ፤ «ፎለን ሂሮስ» ይባላል። የጠፈር ጣቢያው የጸጥታ ኃላፊ ኦዶና የመጠጥ ቤቱ ባለቤት ኳርክ ጥቂት ቀናት ወደፊት ይወረወሩና ጣቢያው ላይ ያለው ሰው ሁሉ ሞቶ ያገኙታል። ሲነበብ ልብ ያቆማል፣ አልዋሽም። ግን ሲያልቅ ሁሉም በሕይወት አለ። እንዲያ መሆኑ ግዴታ ነበር።

ስለዚህ አንቺ የምትፈልጊው፣ ማለትም «ከዚያስ ምን ሆነ?» የሚለው፣ እነዚያ ውስጥ የለም። ከባለቁጥሮቹ ያለው አንዱ ውስጥ ብቻ ነው። እኔ ደግሞ ያቺን አንዷን ነው በገዛ አፌ ይቅር ያልኳት።

እሱን ልንገርሽ፤ ያንቺም ታሪክ ከእኔ ስለማይርቅ።

ፊልሙን የጨረስኩት በ2005 ዓ.ም. ክረምት ነው። ጓደኛዬ ሃርድ ዲስኬን ሞልቶልኝ መብራት ባለበት ሌሊት ሁሉ ሳይ አነጋ ነበር። የመጨረሻዋን ትዕይንት ታስታውሻለሽ። የጣቢያው አዛዥ የሲስኮ ልጅ ጄክ መስኮቱ ጋ ቆሞ ውጭ ውጭውን ያያል። የአባቱ ምክትል የነበረችው ኪራ መጥታ አጠገቡ ትቆማለች። ከዚያ ካሜራው ወደኋላ እየራቀ ጣቢያው እያነሰ፣ እያነሰ፣ ጨለማው ውስጥ ነጥብ ሆኖ ይቀራል። ለእነሱ አለቀ። ለእኔ ግን አላለቀም። ሲስኮ እመለሳለሁ ብሎ ሄዷል። ከሀገሩ ተሰዶ ጣቢያው ላይ ልብስ ሰፊ የሆነው የቀድሞ ሰላይ ጋራክ የተመኘው ሀገሩ ካርዴሲያ ገብቶ፣ ያገኘው ግን ፍርስራሽና ሬሳ ነው።

ጋራክ ለእኔ ተራ ገጸ ባሕርይ አይደለም። አባቴ ልብስ ሰፊ ነበር። ፒያሳ ውስጥ አንዲት ጠባብ ክፍል ነበረችው። ሜትሩን አንገቱ ላይ ጣል አድርጎ፣ ከአፉ ጥግ ሁለት መርፌ ይዞ፣ ደንበኛው ሲያወራ ብዙ ይሰማል፣ ጥቂት ይመልሳል። ሰው ትከሻውን እየተለካ ለሚስቱ ያልነገረውን ለአባቴ ይነግረው ነበር። ጋራክ ሱቁ ውስጥ ጨርቅ ሲዘረጋ ባየሁ ቁጥር የአባቴ እጅ ነው የሚታየኝ። ስለዚህ የጋራክን መጨረሻ ሳላውቅ እንቅልፍ አልወስድ አለኝ።

ሜሪላንድ ላለችው ለአክስቴ ልጅ ጻፍኩላት። «ከ1 እስከ 27 ያሉትን በሙሉ ፈልጊልኝ።» ልጅቷ ወርቅ ናት፤ በሳምንቱ መለሰችልኝ። «26ቱን አሮጌዎቹን በአንድ ላይ በ45 ዶላር አገኘሁ። 27 ግን ለብቻው 60 ዶላር ይላል፣ ምን ይሁን? ይቅር?»

«ይቅር» አልኳት።

እህቴ፣ ያቺ አንዲት ቃል ናት ሁለት ዓመት የወሰደችብኝ። 26ቱ በ45 ሲሸጡ አንዱ ብቻውን ለምን 60 ይጠራል ብዬ አልጠየቅኩም። ሻጩ ስግብግብ መሰለኝ። የተወደደው ሰው ሁሉ ስለሚፈልገው መሆኑን አላሰብኩም።

ሁለተኛ። በዕቃ ላኪ አታስልኪ፣ ወንድምሽ በሻንጣው ይያዘው። እኔ በመንገደኛ ቢሆን ቶሎ ሰው ላይገኝ ይችላል ብዬ በአንድ ዕቃ ላኪ ድርጅት አስላክሁት። ድርጅቱን ስሙን አልጠራም። ካርቶኑ በሁለት ወሩ መጣ ተባልኩና ሄድኩ። ሠራተኛው ሚዛን ላይ ወረወረውና «7 ኪሎ» አለ። «ወንድሜ፣ ትንንሽ መጻሕፍት ናቸው፣ 7 ኪሎ አይሞሉም» አልኩት። «እኔ አይደለሁም የምናገረው፣ ሚዛኑ ነው» አለኝ። ከዚያ ካተሩን አወጣና ውስጡን ላይ ብሎ ካርቶኑን ከዳር እስከ ዳር ተረተረው። ካተሩ ካርቶኑ ላይ አልቆመም። ከላይ የነበሩትን የሁለት መጻሕፍት ሽፋን ሰንጥቆ ነው ያለፈው። አንዱ ላይ የኪራ ፊት ነበር፣ ከግንባሯ እስከ አገጯ ለሁለት ተከፈለ። «ምነው?» ስለው ቀና ብሎ እንኳን ሳያየኝ፣ «አሮጌ መጽሐፍ አይደል እንዴ፣ ለዚህ ነው የምትጨቃጨቀው?» አለኝ።

ከፍዬ ወጣሁ። ሰፈር ስደርስ ካርቶኑን ሱቅ ሚዛን ላይ አስቀመጥኩት። 4 ኪሎ ከ200። በማግስቱ ደረሰኙን ይዤ ተመለስኩ፤ «ደረሰኝ ከተቆረጠ በኋላ የምናደርገው ነገር የለም» ተባልኩ። የሦስት ኪሎው ብር እስካሁን ይቆጨኛል። ከብሩ ይልቅ ግን «አሮጌ» ያላት ቃል ናት ያላለፈችልኝ። ያ ልጅ አንድ ሰው ባሕር ማዶ ሆና ለዘመዷ አንድ በአንድ ቆጥራ ያሸገችውን ነገር ነው በካተር የሰነጠቀው።

እናም ወንድምሽ ሻንጣ ይኖረዋል። ከታች የምነግርሽ 8 መጽሐፍ ሁለት ኪሎ እንኳን አይሞላም። ሹራብ መሃል ጠቅልሎ ያምጣው፣ በቃ።

እሺ፣ ካርቶኑን ይዤ ቤት ገባሁ። ከቁጥር 1 ጀመርኩ። አዳር ስራ ስለነበረኝ በወር ሁለት ሦስት እያነበብኩ ሄድኩ። ጥሩዎች አሉባቸው፣ ደካማዎችም አሉባቸው። የመጀመሪያዎቹ ላይ ኦዶም ኪራም የምናውቃቸውን አይመስሉም። ፊልሙ ገና ሲጀምር የተጻፉ ናቸው፣ ገጸ ባሕርያቱ ገና አልጠኑም ነበር። እኔ ግን በየመጽሐፉ መጨረሻ ላይ «አሁን ይነግረኛል፣ አሁን ሲስኮ ይመጣል» እያልኩ ነበር የምገልጠው። 26ኛውን ዘግቼ ስጨርስ ሲስኮም አልመጣ፣ ካርዴሲያም አልተነሳችም። በየኢንተርኔቱ መፈለግ የጀመርኩት ያኔ ነው። የመጨረሻው ክፍል ካበቃበት የሚነሳው ያ ይቅር ያልኩት፣ 27ኛው ሆኖ ተገኘ።

ስሙ «ኤ ስቲች ኢን ታይም» ነው። የወጣው እ.ኤ.አ. በ2000 ነው። የጻፈው ማን መሰለሽ? አንድሩ ሮቢንሰን፣ ራሱ ጋራክን ሆኖ የተጫወተው ተዋናይ። ሰውየው ገጸ ባሕርዩን ለመረዳት በጋራክ አንደበት ማስታወሻ ይጽፍ ነበር፤ አድናቂዎች በሚሰበሰቡበት ቦታ ከእሱ ላይ እያነበበ ያሰማ ነበር። ያ አድጎ መጽሐፍ ሆነ። ሌላ ተዋናይ ቢሆን ስሙን አበድሮ ሌላ ሰው ያስጽፍ ነበር። እሱ ግን ራሱ ነው የጻፈው፣ ሲነበብም ያስታውቃል፤ የጋራክ ድምፅ ከእያንዳንዱ መስመር ይሰማል።

በ2007 ዓ.ም. የአክስቴን ልጅ እንደገና ለመንኳት። አሁን 75 ዶላር ገብቷል። ምንም አላለችኝም፣ ገዝታ በአንዲት ጎረቤቷ እጅ ላከችልኝ። ወይዘሮዋ ቤታቸው ሄጄ ስቀበል ሹራብ ውስጥ ተጠቅልሎ ነው ያወጡልኝ። «ልጄ፣ ይህን ያህል የታሸገው ወርቅ ነው ብዬ ፈርቼ ነበር» አሉኝ። በሁለት ሌሊት ጨረስኩት።

መጽሐፉ ከጋራክ ለጣቢያው ሐኪም ለዶክተር ባሺር የተጻፈ ረጅም ደብዳቤ ነው። ፊልሙ ላይ ያየሽው ጦርነት አልቋል። ጋራክ የሚኖረው የአባቱ የቴይን በነበረው ግቢ ውስጥ፣ የዕቃ ማስቀመጫ በነበረች ደሳሳ ቤት ነው። ትልቁ ቤት ወድሟል፣ የቴይን የቤት ሠራተኛ የነበረችው ሚላ እዚያ ሞታለች። ቀን ቀን ከፍርስራሽ ሬሳ ያወጣል፣ ማታ ማታ ይጽፋል። ሲጽፍ ልጅነቱን ያመጣል። ባማረን የሚባለው ትምህርት ቤት ስም ነጥቆ ቁጥር ሲሰጠው፣ ፓላንዲን የምትባለውን ሴት ሲወዳት፣ በኋላም ሮሙሉስ የምትባል ፕላኔት ላይ አትክልተኛ ሆኖ ሲሰልል። ሁለቱ ጊዜያት እየተፈራረቁ ይሄዳሉ። ፊልሙ ሰባት ዓመት ሙሉ የሸሸገውን ሰው እዚህ ቁጭ ብሎ ራሱን ሲያወጣ ታያለሽ።

እኔን የያዘኝ ግን አንድ ነገር ነው። ጋራክ የቤቱን ፍርስራሽ ድንጋይ እያነሳ ግቢው ውስጥ መደርደር ይጀምራል። ለምን እንደሚደረድር ራሱም አያውቅም፣ እጁ ሥራ ስለፈለገ ነው። ቀስ በቀስ ሰዎች መምጣት ይጀምራሉ። ማንም አልጠራቸውም። መጥተው ድንጋዩ ፊት ይቆማሉ፣ ሙታናቸውን ያስባሉ፣ ይሄዳሉ። እኛ ሀገር ሰው ለቅሶ ቤት ገብቶ ምንም ሳይናገር አግዳሚው ላይ እንዴት እንደሚቀመጥ ታውቂ የለ? እንደዚያ ነው። እዚያ ገጽ ላይ መጽሐፉን አስቀምጬ ተነሳሁ። አባቴ ሲሞት ሱቁን የዘጋሁት እኔ ነኝ። መቀሱን፣ ጠመኔውን፣ ሳይሰፉ የቀሩትን ጨርቆች አንድ በአንድ ያጣጠፍኩት ለምን እንደሆነ ማንም ጠይቆኝ አያውቅም፤ ያን ሌሊት ለራሴ ገባኝ።

ስለዚህ ሦስተኛ ብዬ የምቆጥረው፣ ወንድምሽ ምንም ነገር ባይገዛ ይህን ይግዛ። ወረቀቱን ቢያጣ በኤሌክትሮኒክ ቅጂ አለ። እ.ኤ.አ. በ2023 ደግሞ በድምፅ ወጥቷል፣ የሚያነበውም ራሱ ሮቢንሰን ነው። እንግሊዝኛ በጆሮ የማይከብድሽ ከሆነ እሱም ያስደስትሻል። እኔ ወረቀቱን ካነበብኩ በኋላ ነው የሰማሁት፤ ድጋሚ አስለቀሰኝ።

ከዚያ የሚቀጥለው «አቫታር» ነው። በኤስ. ዲ. ፔሪ የተጻፈ፣ እ.ኤ.አ. በ2001 የወጣ። እዚህ ላይ ተጠንቀቂ፤ ሁለት መጽሐፍ ነው፣ አንደኛና ሁለተኛ ተብሎ። የመጀመሪያው መሃል መንገድ ላይ ነው የሚቆመው፤ ብቻውን ከመጣ እስከ ፋሲካ ሌላ መንገደኛ ስትጠብቂ ትኖሪያለሽ። ኪራ ጣቢያውን ትመራለች። ኢላያስ ቮን የሚባል ከ100 ዓመት በላይ የሆነው መኮንን ይመጣል። መጀመሪያ ላይ «ይሄ ደግሞ ማነው?» ብዬ ተቃውሜው ነበር፣ በኋላ ከምወዳቸው አንዱ ሆነ። እዚህ ነው ነፃነቱ የሚታይሽ። ፊልሙ ስላለቀ ጸሐፊው ሰው መግደል ይችላል፣ ሹመት ይሰጣል፣ የተሰበረው እንደተሰበረ ይቀራል። ከእሱ በኋላ ከሚመጡት መካከል አራቱ የ«ሚሽን ጋማ» መጻሕፍት አሉ፣ ከዚያ የጄክ ታሪክ የሆነው «ራይዚንግ ሰን»፣ ከዚያ እ.ኤ.አ. በ2003 የወጣው «ዩኒቲ»። የሲስኮ ነገር የሚፈታው «ዩኒቲ» ላይ ነው፤ እንዴት እንደሆነ አልነግርሽም። ግን ዘለሽ እንዳትሄጂበት፣ በመሃል ያሉትን ካላነበብሽ ግማሹ ሰው እንግዳ ይሆንብሻል።

ብቻውን መነበብ የሚችል፣ ለእኔ ከ27 ቀጥሎ የምወደው አንድ አለ። «ዘ ኔቨር ኢንዲንግ ሳክሪፋይስ»፣ የማያልቀው መሥዋዕት ማለት ነው፤ የጻፈችው ኡና ማኮርማክ፣ እ.ኤ.አ. በ2009። ሩጋልን ታስታውሺዋለሽ? ሁለተኛው ሲዝን ላይ ያለው፣ ካርዴሲያ ትገዛቸው የነበሩት ባጆራውያን በማደጎ ያሳደጉት የካርዴሲያ ልጅ። ሲስኮ ለወላጅ አባቱ ይሰጠው ብሎ ይወስናል፣ ክፍሉ ያልቃል፣ ልጁን ሁለተኛ አናየውም። እኔ ያኔ ተናድጄ ነበር። ልጁ አልሄድም እያለ ነው የሰጡት! ኡና ማኮርማክም የተናደደች ይመስለኛል። መጽሐፉ ያን ልጅ ተከትሎ ካርዴሲያ ይገባል። ከማያውቀው አባት ጋር፣ የሚጠላውን ምግብ እየበላ፣ ጦርነቱን ከታች፣ ከተራው ሰው ዓይን ያሳየናል። ስሙ ራሱ ጋራክ ለባሺር ያዋሰው፣ ባሺርም የሰለቸው የካርዴሲያውያን ልቦለድ ስም ነው። እሷ ያንን ስም ወስዳ እውነተኛውን መሥዋዕት ጻፈችበት። በማደጎ ያደገ ሰው በዘመድሽ ውስጥ ካለ ይህን መጽሐፍ በቀላሉ አታነቢውም።

የማትነኪውን ደግሞ ልንገርሽ። «ኮዳ» የሚባሉ ሦስት መጻሕፍት አሉ፣ እ.ኤ.አ. በ2021 የወጡ። ከሌሎቹ አዲስ ስለሆኑ ሱቅ ላይ ቀድመው ሊታዩ ይችላሉ፣ ወንድምሽም «አዲሱን አመጣሁልሽ» ሊልሽ ይችላል። አይግዛ። ከ2001 ጀምሮ 20 ዓመት የተገነባው የልቦለዶቹ ዓለም የሚዘጋው እዚያ ነው። እ.ኤ.አ. በ2020 «ፒካርድ» የሚባለው ሌላ የስታር ትሬክ ተከታታይ ፊልም ሲመጣ ልቦለዶቹ ከያዙት ታሪክ ጋር ተጋጨ። ፊልምና መጽሐፍ ሲጋጩ ደግሞ ሁሌም የሚያሸንፈው ፊልሙ ነው። ጸሐፊዎቹ ዝም ብሎ ተትቶ እንዳይቀር ለራሳቸው ታሪክ መጨረሻ አበጁለት። ለቆየ አንባቢ ትልቅ ነገር ነው፣ ግን የማታውቂው ሰው ቀብር ላይ እንደ መገኘት ነው። መጀመሪያ ሰዎቹን እወቂያቸው።

እዚህ ግሩፕ ላይ ደግሞ «ልቦለዶቹ አይቆጠሩም፣ የፊልሙ ብቻ ነው እውነተኛው» የሚል ሰው ከአስተያየትሽ ስር አይቻለሁ። ወንድሜ፣ የመጀመሪያው ስታር ትሬክ ላይ ያለው የሱሉ የመጀመሪያ ስም ማነው? ሂካሩ ትላለህ። ያ ስም እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ በታየው ፊልም ላይ የለም። ቮንዳ ማክንታየር እ.ኤ.አ. በ1981 «ዘ ኢንትሮፒ ኢፌክት» በሚለው ልቦለዷ ላይ ነው ያወጣችለት። ፊልሙ የተቀበለው ከ10 ዓመት በኋላ፣ በ1991፣ ስድስተኛው የሲኒማ ፊልም ላይ ነው። ስም ያወጣ ሰው እንዴት አይቆጠርም?

የጥንቱንም መቅመስ ከፈለግሽ ሁለት ብቻ ልጨምር። የጆን ኤም. ፎርድ «ዘ ፋይናል ሪፍሌክሽን»፣ እ.ኤ.አ. 1984፤ ክሊንጎን የሚባሉትን ጦረኞች ከውስጥ፣ በአንድ ወላጅ አልባ ልጅ ዓይን ያሳያል፣ የመጀመሪያው ፊልም ካፒቴን ኪርክ ከዳር ከዳር ብቻ ነው የሚታየው። የዳያን ዱዌን «ስፖክስ ወርልድ»፣ 1988፤ አንዱ ምዕራፍ የስፖክን ፕላኔት የቫልካንን የጥንት ታሪክ፣ አንዱ ምዕራፍ ከፕላኔቶቹ ኅብረት ከፌዴሬሽኑ እንገንጠል አንገንጠል የሚለውን ክርክር ይዞ ይሄዳል። ሁለቱም ለብቻቸው የሚነበቡ ናቸው።

ለወንድምሽ የምትልኪለት እንግዲህ ይህ ነው፦ 27፣ ሁለቱ «አቫታር»፣ «የማያልቀው መሥዋዕት»። ቦታ ካለው «ሚሽን ጋማ»ን አራቱንም፣ አንዱ ከጎደለ ግን ሁሉንም ይተወው። ከመክፈሉ በፊት የሽፋኑንና የመጨረሻውን ገጽ ፎቶ ሻጩን ይጠይቅልሽ፤ ውድ ሆኖ ገጽ የጎደለው የደረሰው ሰው አውቃለሁ።

26ቱ መጻሕፍት እስካሁን ከእኔ ጋር ናቸው፣ የተሰነጠቀችውን ኪራ በፕላስተር ለጥፌያታለሁ። 27ን ከቤት አላወጣም፣ ይቅርታ አድርጊልኝ። «አቫታር»ን ግን ሁለቱንም ወንድምሽ እስኪመጣ ላውስሽ እችላለሁ። በውስጥ መስመር ጻፊልኝ፤ ቅዳሜ ከሰዓት አራት ኪሎ አካባቢ አልጠፋም።